ሐዋሳ ከዩኒቨርሲቲዋ ምን ትጠይቅ?

የሐዋሳን ኢኮኖሚ ደግፈው የቆዩ ሦስት ነገሮች በጥቂት ዓመታት ልዩነት ተራ በተራ ተናግተዋል። የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ይህ ፓርክ የሚያመርተውን ልብስ በዋናነት የሚልከው ወደ አሜሪካ ገበያ ስለነበር፣ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ተጠቃሚነት ስትወጣ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፤ ሌሎች ባለሀብቶችን ይስባል ተብሎ ቀድሞ የገባው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም እገዳው ተግባራዊ ከመሆኑ በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቋል። ሁለተኛው የክልል መናገሻነቷ ነው። ሲዳማ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ በኋላ ከተማዋ ለሁለት የክልል መንግሥታት መቀመጫ ሆና የቆየች ሲሆን፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነባሩ የደቡብ ክልል ሲያበቃ ቢሮዎቹ ከነሠራተኞቻቸው ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደዋል። ሦስተኛው የተማሪ ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የማለፊያውን ነጥብ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ነጥቡን ላላመጡ ተማሪዎች የተዘጋጀው የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ክፍተቱን በከፊል ቢሸፍነውም፣ በየግቢው በር ፎቶ ኮፒ አንስተው፣ ሻይና ሳምቡሳ ሸጠው፣ ክፍል አከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች ተማሪ በገፍ ይመጣል ብለው የሚተማመኑበት ዘመን አልፏል።

ኩባንያ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፣ ቢሮም በውሳኔ ይዛወራል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ከነሕንጻው፣ ከነቤተ ሙከራው፣ ከነሆስፒታሉና ከነመምህራኑ ካለበት ከተማ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ምክንያት ሐዋሳ ቀጣዩን የኢኮኖሚ ዕቅዷን ስታወጣ ከሁሉ አስቀድማ ልታስበው የሚገባት ተቋም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። ይሁን እንጂ ከተማውና ዩኒቨርሲቲው እስከዛሬ የተገናኙበት መንገድ፣ ማለትም የመግባቢያ ሰነድ መፈራረምና በየዓመቱ የምክክር መድረክ ማዘጋጀት፣ ይህን ሸክም የሚችል አይደለም። የጎደለው በጎ ፈቃድ አይመስለኝም። ሁለቱ ተቋማት አንድን ችግር የጋራ ብለው ለይተው፣ ገንዘብና ሰው መድበው፣ ውጤቱን አብረው የሚጠየቁበት አሠራር ነው የጠፋው።

የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ራሱ ከአካባቢው ኑሮ የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ዲላ በኋላ ራሷን ችላ ስትወጣ ተቋሙ የከተማዋን ስም ያዘ። እርሻ፣ ደንና ጤና በአንድ ጥላ ሥር የተሰበሰቡት የደቡቡ ሕዝብ ኑሮ በእነዚህ ላይ የቆመ ስለነበር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይም ሐዋሳን ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ መድቧታል። ታዲያ ምርምሩ ደጃፉ ላይ ካለው ጥያቄ ቢነሳ ከተልዕኮው መውጣት ሊባል አይችልም።

ዩኒቨርሲቲ ለከተማ የሚሰጠው ጥቅም በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ ወጪው ነው፦ ደመወዝ፣ የምግብ ግዥ፣ ግንባታ፣ ጥገና፣ የተማሪ የኪስ ገንዘብ። ሌላው ዕውቀቱ ነው። በየመድረኩ የሚወራው ሁለተኛው ሲሆን፣ የዕለት እንጀራ የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ይህ ክፍል በዕቅድ ባለመመራቱ የሚባክነው ዕድል ደግሞ ቀላል አይደለም።

በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በቀን ሦስት ጊዜ የሚመግብ ግቢ ዳቦ፣ የእንጀራ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዘይትና ማገዶ ይፈልጋል። በከተማው ተደራጅተው ዳቦ የሚጋግሩ ወጣቶች ይህን ገበያ ለማግኘት የጨረታ ማስከበሪያ ማስያዝ፣ በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓቱ መመዝገብ፣ የግብር ክሊራንስ ማቅረብና ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ ለማቅረብ መስማማት ይኖርባቸዋል። ጨረታውን ቢያሸንፉ እንኳ ክፍያው ሁለት ሦስት ወር ከዘገየ፣ ዱቄት በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ማኅበር መንቀሳቀሻው ይደርቅና ሥራውን ለትልቅ ነጋዴ ለቆ ይወጣል። የግዥ ሕጉ ለአነስተኛና ጥቃቅን ኢንተርፕራይዞች ልዩ አስተያየት ማድረግን አይከለክልም፤ እንዲያውም ይፈቅዳል። የሚያስፈልገው ዩኒቨርሲቲው የዓመቱን ፍላጎት በምርት ዓይነትና በወር ከፋፍሎ ቀድሞ ለከተማው ማሳወቁ፣ ከተማው ማኅበራቱን ለዚያ አዘጋጅቶ ማቅረቡ፣ አንድ የአነስተኛ ብድር ተቋም ደግሞ በውሉ መነሻነት የሁለት ወር መንቀሳቀሻ ማበደሩ ነው። በዚህ ውስጥ አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም።

ወደ ከባዱ ጉዳይ ስንመጣ፣ የሐዋሳ ትልልቅ ቀጣሪዎች ተጠሪነታቸው ለሐዋሳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ነው፤ በጀቱን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት፣ ሪፖርት የሚያደርገውም ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩም የሚተዳደረው በፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። የከተማ አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለሲዳማ ክልል ነው። ሕገ መንግሥቱ ገቢን ሲከፋፍል ደግሞ በአንቀጽ 96 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የሥራ ግብር ለፌዴራል፣ በአንቀጽ 97 የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ግብር ለክልል ሰጥቷል። ስለዚህ አንድ የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር በቀጥታ ወደ ፌዴራል ካዝና ይሄዳል፤ የሚነዳበትን መንገድ፣ የሚጠጣውን ውሃና የግቢውን ደረቅ ቆሻሻ ግን የሚሸከመው ከተማው ነው። ከተማው ለዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ባቀረበ ቁጥር ገቢው በዚያው ልክ አያድግም። ዩኒቨርሲቲውም ለከተማው ችግር መፍትሔ ባመጣ ቁጥር በጀቱ አይጨምርም። ይህን ጥቅም ያላስተሳሰረውን ግንኙነት በፊርማ ሥነ ሥርዓት ብቻ ለማጠንከር መሞከር ውጤት አያመጣም።

የጊዜ አለመግጠምም አለ። የመንግሥት በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የምርምር ርዕሱን የሚመርጠው ግን የከተማው ዕቅድ ከጸደቀና ገንዘቡ ከተደለደለ ከወራት በኋላ ነው። ጥናቱ አልቆ ሲጠረዝ የጠየቀው የሥራ ኃላፊ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውሮ ይሆናል። መምህሩ በበኩሉ የማዕረግ ዕድገቱ በዋናነት የሚለካው በታወቀ ጆርናል ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ስለሆነ፣ የከተማውን የውሃ ብክነት ለመቀነስ ስምንት ወር ከፈጀበት የቴክኒክ ሪፖርት ይልቅ ለጆርናል የሚሆን ጽሑፍ ቢያስቀድም ልንወቅሰው አይገባም። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛ ተልዕኮ መሆኑ በሕግ ተደንግጓል፤ ከሦስቱ ግን ለሠራው ብዙም የማያስገኘው ይህኛው ነው።

በአገራችን ግን ከዚህ የተለየ ልምድ ነበረ፤ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ በሥራው ላይ ያሠለጥን ነበር። በአሜሪካ ከሚገኘው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ከማስተማርና ከመመራመር ሌላ የአገሪቱን የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ ራሱ ይመራ የነበረ ሲሆን፣ ኃላፊነቱ ወደ ግብርና ሚኒስቴር የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ አካል አድርጎ ጀመረ፤ ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንስቶ ቀበሌ ወርዶ ችግር ይለያል፣ ያጠናል፣ ለዚህም ነጥብ ይያዝለታል። ጅማ ላይ ይህ ልማድ ጸንቶ የኖረበትን ምክንያት ስናይ የሰዎች ትጋት ብቻ አይደለም፤ ሥራው የተማሪው ውጤት ውስጥ መግባቱ ነው። ነጥብ የሚያዝበትን ነገር ተማሪም መምህርም አይዘነጋውም።

ከውጭ አገር ደግሞ ከሐዋሳ ሁኔታ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው የኔዘርላንድሷ አይንድሆቨን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ሲቀንስ፣ የጭነት መኪና አምራቹ ዳፍ ደግሞ በ1993 ሲከስር ከተማዋ በሁለት ቀጣሪዎች ላይ መደገፏ ምን ያህል እንደሚያስከፍላት ተረዳች። ከንቲባው፣ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ኃላፊና የንግድ ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት አንድ ላይ ተቀመጡ፤ በዙሪያው ያሉ ማዘጋጃ ቤቶችም በነዋሪዎቻቸው ቁጥር ልክ ወደ ጋራ ፈንድ ገንዘብ አዋጡ። ዛሬ አካባቢው በአውሮፓ ከታወቁ የቴክኖሎጂ ማዕከሎች አንዱ ነው። የእነርሱ ሀብት፣ የኢንዱስትሪ ዕድሜና የገበያ ቅርበት የእኛ ስላልሆነ ውጤቱን መመኘት አያዋጣም፤ ልንማርበት የሚገባው የመዋጮውን ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ትንሽም ብትሆን ከራሱ ካዝና ስላወጣ ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠይቅ ነበር። የእኛ ትብብሮች ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በለጋሽ ድርጅት ፕሮጀክት ላይ ስለሆነ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ፤ ለምን ቆመ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

እንግዲህ የጋራው ችግር የቱ ይሁን? ለሐዋሳ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ሐይቁ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ወንዝ የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ሐይቅ ነው። ከምሥራቅ በኩል የሚገባው ጥቁር ውሃ ነው፤ ይህ ወንዝ የሚነሳው ደግሞ ቀድሞ ራሱ ሐይቅ ከነበረውና ዛሬ ረግረግ ከሆነው ከጨለለቃ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ የተቀበለውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል፦ ከተራቆተው ተዳፋት በጎርፍ የሚወርደውን ደለል፣ ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያ፣ ከፋብሪካ፣ ከሆስፒታልና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀውን ፍሳሽ። ውሃው ይተናል፤ የተቀረው ከታች ይከማቻል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲገነባ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ጠብታ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ የተሠራ ማጣሪያ የተተከለለት ለዚህ ነበር፤ ከተማው ራሱ ለሚያመነጨው ፍሳሽ ግን ተመሳሳይ ጥንቃቄ አልተደረገም።

የሐይቁን ኢኮኖሚ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አለ። ጀልባዎቹ ጠዋት ሲመለሱ ከመረቡ የሚራገፈው በአብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። ወጣቶች በስለታም ቢላ ቅርፊቱን ጠርገው፣ ቆዳውን ገፈው ፊሌቶውን ለይተው ያወጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ዓሣ ከግማሽ የሚበልጠው፣ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ሆድ ዕቃውና ቆዳው፣ ተረፈ ምርት ሆኖ ይጣላል። አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ይህንኑ ይጠብቃሉ፤ እነርሱ የማይጨርሱት ዳርቻው ላይ ይበሰብሳል ወይም ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳለት ይህ ትርዒት በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ኪሳራ ነው፤ የዓሣ ተረፈ ምርት ደርቆና ተፈጭቶ ለዶሮ መኖ የሚሆን ፕሮቲን ነው፣ ዘይቱም ዋጋ አለው። በከተማውና በዙሪያው ዶሮ የሚያረቡ ወጣቶች ደግሞ ዘወትር የሚያማርሩት በመኖ ዋጋ ነው። የእርሻ ኮሌጁ የእንስሳት ሥነ ምግብና የዓሣ ሀብት ዕውቀት አለው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ማድረቂያና መፍጫ መንደፍ ይችላል፤ ከተማው የገበያውን መሬትና የጽዳት ሥልጣን ይዟል፤ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ጥሬ ዕቃውን ይዘዋል። አራቱ በአንድ ዓመት ውል ቢተሳሰሩ ሥራ፣ መኖና ንጹሕ ዳርቻ በአንድ ጊዜ ይገኛል። በትንሹ ቢጀመር ይሻላል፤ በቀን የሚጣለውን ተረፈ ምርት ለአንድ ዓመት መመዘን፣ በጾምና በፍስክ ወራት የሚኖረውን ልዩነት መመዝገብ፣ ከዚያ የማሽኑን መጠን መወሰን። ሳይመዘን የተገዛ ማሽን የትም እንደሚዝግ በየወረዳው አይተናል።

ከዓሣው በላይ የሚያሳስበው ግን ደለሉ ነው። የሐይቁ ተፋሰስ ከሐዋሳ ከተማ ወሰን እጅግ የሰፋ ሲሆን፣ ከሲዳማ ክልል አልፎ ወደ ኦሮሚያ ክልል ይዘልቃል። ከተማው በዳርቻው ላይ የቱንም ያህል መከላከያ ግንብ ቢሠራ ደለሉን የሚፈጥረው ማሳ በእርሱ አስተዳደር ሥር አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ፌዴራልነት፣ ቀደም ሲል እንደ ድክመት ያየነው፣ እዚህ ላይ ጥንካሬ ይሆናል። የሁለት ክልል ወረዳዎችን፣ የከተማ አስተዳደሩንና የፋብሪካ ባለቤቶችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያለ ጥርጣሬ ሊያስቀምጥ የሚችል፣ ወንዶ ገነት ላይ የደንና የተፋሰስ ዕውቀት ያካበተ ሌላ ተቋም በአካባቢው የለም። ይህን ሲያደርግ ግን አንድ ነገር መከበር አለበት፤ የውሃ ናሙና ውጤት የማንንም ስም የሚያነሳ ቢሆን በየሦስት ወሩ ሳይሸራረፍ ለሕዝብ መታተም ይኖርበታል። ከተማው ለምርመራ ስለከፈለ ውጤቱን የመደበቅ መብት የለውም፤ ዩኒቨርሲቲውም በጀት ይቆረጥብኛል ብሎ ዝም ካለ ሽርክናው ለሕዝቡ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይሆንም።

ስለ ፓርኩም አንድ ነገር ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳ ፓርክ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ሠራተኛው በከፍተኛ ፍጥነት ሥራውን እየለቀቀ እንደሚሄድ ለዓለም አሳወቀ። ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች ዳቶና ጨፌ በተባሉት የከተማው ሰፈሮች አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ ከኪራይ የተረፈውን ለምግብና ለቤተሰብ ሲያካፍሉ የሚተርፋቸው ምንም አልነበረም። አገርን ከውጭ ባለሀብት ጋር የሚያደራድር አካል ይህን ቁጥር ቀድሞ በእጁ ሊይዝ ይገባው ነበር፤ የኪራይ፣ የምግብና የትራንስፖርት ዋጋን በየወሩ የሚከታተል ቋሚ የኑሮ ውድነት ጥናት ለአንድ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከባድ ሥራ አይደለም። ፓርኩ አዲስ ተከራይ ሲቀበል ከተማው ሠራተኛ የሚኖርበትን ቤት ማን እንደሚሠራ፣ በስንት ኪራይ እንደሚያቀርብ ቀድሞ ካልወሰነ፣ ያው የሠራተኛ መመላለስ በአዲስ ኩባንያ ስም ይደገማል።

ሌላም በፍጥነት ሊያዝ የሚችል ሥራ አለ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ከተሞች በቤትና በመሬት ይዞታ ላይ ታክስ እንዲሰበስቡ ያስችላል፤ ለዚህ ግን እያንዳንዱ ይዞታ መለካትና መገመት አለበት። የቅየሳ፣ የካርታ ሥራና የምሕንድስና ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን በየክፍለ ከተማው በዚህ ቢያደርጉ ከተማው ርካሽና ትክክለኛ መረጃ ያገኛል። እዚህ ላይ የነዋሪው እምነት ወሳኝ ነው፤ ቤቱን ለክቶ የሄደው ተማሪ የግብር ሰብሳቢ ሰላይ ተደርጎ እንዳይታይ፣ እያንዳንዱ ባለይዞታ የራሱን ልኬት አይቶ የሚቃወምበት ጊዜ ሊሰጠው ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሚጀመረው ከመጪው ሐምሌ 1 በፊት ባሉት ወራት ነው። ከተማው በበጀት ጥያቄው ላይ ለዩኒቨርሲቲው የሚከፍለውን ገንዘብ በራሱ መደብ ለይቶ ያስፍር፤ ዩኒቨርሲቲው በሴኔቱ ውሳኔ ለከተማው የቀረበንና ሥራ ላይ የዋለን የቴክኒክ ሪፖርት በማዕረግ ዕድገት መመሪያው እንደ አንድ የጆርናል ጽሑፍ ይቁጠር፤ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከንቲባ ሲለወጥ የማይለወጥ፣ ደመወዙን ሁለቱ ተቋማት በእኩል የሚከፍሉት አንድ ቋሚ ባለሙያ ይመደብ። የመጀመሪያ ሥራው በአሞራ ገደል ሚዛን ማስቀመጥና የዕለቱን ተረፈ ምርት መመዝገብ ሊሆን ይችላል።